የስፐር ጊር ጥርስ ለምን ይቧጨራል፣ ለምንስ ይሰበራል? ሙቀቱንና ተለዋዋጭ ጭነቱን አብሮ ማስላትና መለካት

የጊር ሳጥን ተከፍቶ ጥርሱ ተቧጭሮ ሲገኝ ጥፋቱ መጀመሪያ የሚላከከው በዘይቱ ላይ ነው። ዘይት ይቀየራል፣ አዲስ ጊር ይገባል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ጭረት ይመለሳል። ጥርሱ ከሥሩ ተሰብሮ ሲገኝ ደግሞ «ብረቱ ደካማ ነው» ይባልና ጠንካራ ብረት ይፈለጋል። ሁለቱም ግምት አንዳንዴ ትክክል ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የሁለቱ ጉዳቶች ምንጭ አንድ ነው፤ በጥርሱ ቅርጽና አከፋፈል ላይ ያለ የጥቂት ማይክሮን ስህተት። ስህተቱ ጥርስን ከጥርስ ያጋጫል፣ ግጭቱ ጭነት ይጨምራል፣ የጨመረው ጭነት ደግሞ ፊቱን ያግላል። ስለዚህ ጭነቱን ለብቻ፣ ሙቀቱን ለብቻ ማስላት ግማሽ ሥራ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ የስፐር ጊር (ጥርሱ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ የተቆረጠ ጊር) ምሳሌ ላይ ይሄዳል። 7.5 ኪሎዋት ሞተር፣ በደቂቃ 1,450 ዙር። ትንሹ ጊር (ፒኞኑ) ሞጁል (የጥርሱን መጠን የሚወስነው ቁጥር) 3፣ 20 ጥርስ፤ ትልቁ 60 ጥርስ። የጥርስ ስፋት 30 ሚሊሜትር፣ የግፊት ማዕዘን 20 ዲግሪ፣ ሁለቱም አረብ ብረት፣ ትልቁ በዘይት ውስጥ እየነከረ የሚሽከረከር። የራሳችሁን ቁጥር በቦታው እያስገባችሁ ተከተሉ።

ሀ. ጭነቱ

ዲያሜትር ማለት ሞጁል ሲባዛ በጥርስ ቁጥር ነው፤ ፒኞኑ 60 ሚሊሜትር፣ ትልቁ 180። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት የድምሩ ግማሽ፣ 120 ሚሊሜትር። የጥርሱ ፍጥነት፦

3.1416 × 60 × 1,450 ÷ 60,000 = 4.555 ሜትር በሰከንድ

ጥርሱን የሚገፋው ኃይል የሞተሩ ዋት ለዚህ ፍጥነት ሲካፈል ነው፦

7,500 ÷ 4.555 = 1,647 ኒውተን

ይህ የሚሠራው ጊሩ እንከን የሌለበት ቢሆን ነው። እውነተኛ ጥርስ ግን አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። ቀድሞ የደረሰው ይመታል፣ ከዚያ ይነጥራል፣ ተመልሶ ይመታል። ይህን ለመገመት በጣም የቆየውና አሁንም የሚያገለግለው መንገድ የካርል ባርዝ ቀመር ነው። ፍጥነቱንና ጥርሱ የተቆረጠበትን መንገድ ብቻ ይጠይቃል፦

ቅርጹ በቀለጠ ብረት ፈስሶ ለወጣ ጥርስ፦ (3.05 + ፍጥነት) ÷ 3.05፣ በምሳሌያችን 2.49።
በሚሊንግ ማሽን ለተቆረጠ፦ (6.1 + ፍጥነት) ÷ 6.1፣ ማለትም 1.75።
በሆብ ማሽን (እንደ ብሎን በተጠማዘዘ መቁረጫ ጥርሱን ሁሉ አከታትሎ በሚቆርጠው) ለተቆረጠ፦ (3.56 + የፍጥነቱ ስኩዌር ሩት) ÷ 3.56፣ ማለትም 1.60።
ከተቆረጠ በኋላ በግራይንደር ለተስተካከለ፦ (5.56 + የፍጥነቱ ስኩዌር ሩት) ÷ 5.56፣ የውጤቱ ስኩዌር ሩት ተወስዶ 1.18።

1,647ን በነዚህ አባዙ። ያው ሞተር፣ ያው ብረት ሆኖ በግራይንደር የተስተካከለው ጥርስ ወደ 1,940 ኒውተን ሲሸከም፣ በሚሊንግ የተቆረጠው 2,880 ይሸከማል። ልዩነቱ ከብረቱ ጥራት የመጣ አይደለም፤ ከአቆራረጡ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በብዙ ቶርኖ ቤቶች ምትክ ጊር የሚሠራው በሚሊንግ ማሽንና በዲቫይዲንግ ሄድ (ጥሬውን ብረት በእኩል ክፍል እያዞረ በሚያቆም መሣሪያ) ነውና። የሞጁል መቁረጫው በአንድ ስብስብ 8 ቁጥር አለው። 20 ጥርስ የሚቆረጠው በቁጥር 3 ነው፤ እሱ ከ17 እስከ 20 ጥርስ ያገለግላል ተብሎ ተጽፎበታል። ቅርጹ በትክክል የሚገጥመው ግን ለ17 ነው። 60 ጥርስ የሚቆረጥበት ቁጥር 7 ከ55 እስከ 134 ይላል፤ የተሠራው ለ55 ነው። ማለት ቆራጩ ምንም ሳይሳሳት፣ መቁረጫው ራሱ የቅርጽ ስህተት ይዞ ይመጣል። በዚህ ላይ ጥሬው ብረት በማንድሬሉ (በያዘው ዘንግ) ላይ 0.03 ሚሊሜትር ቢወላገድ፣ ስህተቱ በየዙሩ ከፍና ዝቅ እያለ ይደመራል። ስለዚህ መቁረጥ ከመጀመራችሁ በፊት ዳያል ጌጁን በጥሬው ብረት ዙሪያ አዙሩት፤ ከ0.02 በላይ ካወላገደ አትቁረጡ።

ስህተቱን በቀጥታ ወደ ጭነት መቀየር ለሚፈልግ የኧርል በኪንግሃም ቀመር አለ። ለአረብ ብረትና ለ20 ዲግሪ ሙሉ ቁመት ጥርስ፣ ስህተቱን በሚሊሜትር ወስዳችሁ በ11,400 አባዙ፤ ውጤቱን በጥርሱ ስፋት አባዙና የሚገፋውን ኃይል ደምሩበት። ይህን ድምር «ሀ» በሉት። ቀጥሎ ፍጥነቱን በ21 አባዙ፤ «ለ» በሉት። ተጨማሪው ጭነት፦

(ለ × ሀ) ÷ (ለ + የሀ ስኩዌር ሩት)

በምሳሌያችን ስህተቱ 0.0125 ሚሊሜትር ቢሆን ጠቅላላው ጭነት ወደ 4,900 ኒውተን ይደርሳል፤ ስህተቱ 0.05 ሲሆን ወደ 9,400 ያሻቅባል። ቁጥሩ ከባርዝ በጣም እንደሚበልጥ አስተውሉ። በኪንግሃም ጠንቃቃ ነው፤ ውጤቱ የሚነጻጸረውም ከጥርሱ የድካም ወሰንና ከፊቱ የመበላት አቅም ጋር ነው። የባርዙ ግን ለመታጠፍ ጥንካሬ ስሌት የሚባዛ ቁጥር ነው። አንዱን ቀመር ጀምራችሁ በሌላው ወሰን አትጨርሱ፤ ብዙ የተበላሸ ስሌት የሚመጣው ከዚህ ቅልቅል ነው።

ርግብግቢት ወይም ሬዞናንስስ? ጥርሶች እንደ ስፕሪንግ፣ ጊሮቹ እንደ ክብደት ሆነው የራሳቸው የመርገብገቢያ ፍጥነት አላቸው። በምሳሌያችን ጊሮቹ ድፍን ከሆኑ ይህ ፍጥነት በፒኞኑ ላይ በደቂቃ 20,000 ዙር አካባቢ ነው። እኛ በ1,450 ነን፤ ሩቅ ነው። በእንዲህ ያለ ዝግተኛ ማሽን ላይ ጥርሱን የሚጎዳው ሬዞናንስ ሳይሆን ስህተቱ ነው። ዘንጉ ረጅምና ቀጭን ከሆነ፣ ወይም ከጊሩ ጋር ከባድ ፍላይዊል ካለ ግን የዘንጉ መጠማዘዝ ከዚህ በጣም ዝቅ ባለ ፍጥነት ስለሚርገበገብ ለብቻው ይታይ።

ለ. ሙቀቱ

የጥርስ ሙቀት ሦስት ደርብ አለው። የታችኛው የዘይቱ ሙቀት ነው። ከላዩ የጥርሱ ሙሉ አካል ሙቀት አለ፤ ከዘይቱ ይበልጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ ጥርሶች በሚነካኩበት ቅጽበት ብቻ የሚፈጠር ብልጭታ ሙቀት አለ። ይህን የመጨረሻውን በቀመር ያስቀመጠው ሆላንዳዊው ሃርመን ብሎክ ነው፤ በ1937 (በአውሮፓ አቆጣጠር)።

ብልጭታው የት ነው የሚበረታው? በፒች መስመር (በጥርሱ ቁመት መካከል አካባቢ፣ ከላይ ያሰላነው ዲያሜትር በሚያልፍበት) ላይ ጥርስ በጥርስ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ እዚያ ብልጭታ የለም። መንሸራተቱ የሚበዛው በጫፍና በሥር ነው። በምሳሌያችን የትልቁ ጊር ጫፍ የፒኞኑን ሥር ሲነካ የመንሸራተቻው ፍጥነት 1.60 ሜትር በሰከንድ ነው። ንክኪው ሲያበቃ፣ የፒኞኑ ጫፍ ከትልቁ ሥር ጋር ሲሆን፣ 1.40። ክፉው ቦታ የመጀመሪያው ነው፤ የፒኞኑ ሥር እዚያ በጣም ጠባብ ክብ ስላለው (2.36 ሚሊሜትር ራዲየስ) ጭነቱ በጠባብ መስመር ላይ ይሰበሰባል።

እርምጃው እንዲህ ነው። በሆብ የተቆረጠ ጊር እንውሰድ፤ 1,647 × 1.60 ለ0.94 (የ20 ዲግሪ ኮሳይን) ሲካፈል 2,804 ኒውተን፣ ለ30 ሚሊሜትር ስፋት ሲከፋፈል በሚሊሜትር 93.5። በንክኪው መጀመሪያ ሌላ ጥንድ ጥርስም አብሮ ስለሚይዝ ግማሹን፣ 46.7ን እንወስዳለን። በዚህ ጭነት ሁለቱ ብረቶች የሚነካኩበት መስመር ስፋት 0.068 ሚሊሜትር ይሆናል። የአንድ ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። በብሎክ ቀመር፦

1.11 × የሰበቃ ቁጥር × ጭነት በሜትር × (የሁለቱ ፊቶች ፍጥነት ስኩዌር ሩቶች ልዩነት) ÷ (13,000 × የመስመሩ ስፋት ስኩዌር ሩት)

ጭነቱ 46,700 ኒውተን በሜትር፤ የፒኞኑ ፊት ፍጥነት 0.358፣ የትልቁ 1.958 ሜትር በሰከንድ፣ የስኩዌር ሩቶቻቸው ልዩነት 0.80፤ ስፋቱ 0.000068 ሜትር። 13,000 የአረብ ብረት ሙቀት የመሸከምና የማስተላለፍ ቁጥር ነው። የሰበቃ ቁጥሩን በደንብ ለተቀባ ጥርስ 0.06 ብንይዝ ብልጭታው 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመጣል።

ለጥርሱ አካል የሚበቃ ግምት፦ የዘይቱ ሙቀት ሲደመር የብልጭታው 0.56 እጥፍ። ዘይቱ 70 ዲግሪ ከሆነ አካሉ 83፣ ከነብልጭታው 106። ይህ ጊር ይኖራል።

አሁን አንድ በአንድ እናበላሸው። ዘይቱ ጎድሎ ወይም ቀጥኖ የሰበቃ ቁጥሩ 0.12 ይሁን፤ ብልጭታው 46 ይሆናል። የሳጥኑ ዘይት 90 ይግባ፤ ድምሩ 90 + 26 + 46 = 162። ማጠናከሪያ ኬሚካል ለሌለው ተራ ማዕድን ዘይት ይህ አስጊ ነው። በዚህ ላይ የጥርስ ስህተቱ ጭነቱን እጥፍ ያድርገው፤ ብልጭታው ከጭነቱ ጋር በ0.75 ፓወር (ኤክስፖነንት) ስለሚያድግ በ1.68 ይባዛል፣ 78 ይደርሳል፣ ድምሩ 212 ይሆናል። የዘይቱ ሽፋን ይቀደዳል፣ ብረት ከብረት ይጣበቃል፣ ይገነጠላል። ጭረቱ ሌላ የቅርጽ ስህተት ሆነ ማለት ነው፤ ስህተቱ ጭነት ይጨምራል፣ ጭነቱ ሙቀት። የጊር ጥርስ አንዴ መቧጨር ከጀመረ በቀናት ውስጥ ሊያልቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

ሐ. መለካት

ብልጭታውን የሚለካ መሣሪያ አትፈልጉ። በፒኞኑ ሥር ላይ የሚቆየው የሺኛ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። የሚለካው ዘይቱና የጥርሱ አካል ነው፤ ብልጭታው ይሰላል።

ዘይቱን ከማፍሰሻው አጠገብ ባለ ቴርሞሜትር፣ ማሽኑ በሙሉ ጭነት ሙቀቱ መጨመር እስኪያቆም ከሠራ በኋላ ለኩ፤ ለመካከለኛ ሳጥን ይህ 2 ወይም 3 ሰዓት ይፈጃል። ለጥርሱ አካል ማሽኑን አቁሙ፣ ሞተሩ በስህተት እንዳይነሳ ማብሪያውን ቆልፉ፣ መመልከቻ ክዳኑን ክፈቱ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንብቡ። በርቀት የሚለካውን ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ወደሚያብለጨልጭ ብረት ማነጣጠር ያታልላል፤ የተወለወለ ብረት የራሱን ሙቀት በጨረር በደንብ ስለማያወጣ መሣሪያው ከእውነቱ በብዙ ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ያነባል። በጊሩ ጎን ላይ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያህል በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀድማችሁ ቀቡ፣ የመሣሪያውን የጨረር ማስተካከያ (ኢሚሲቪቲ) 0.95 ላይ አድርጉት። ሙቀት ሲያልፍ ቀለሙ የሚለወጥ ተለጣፊ ካገኛችሁ የበለጠ ነው፤ ማሽኑ ሳይቆም የደረሰበትን ከፍተኛውን ሙቀት ይዞ ይጠብቃችኋል።

ጭነቱ በንዝረት ይታያል። የንዝረት መለኪያውን በኩሽኔታው ቤት ላይ፣ ጥርሱ በሚገፋበት አቅጣጫ በማግኔት ወይም በቡሎን አጥብቁ። የጥርስ ድምፁ 20 × 1,450 ÷ 60 = 483 ሄርዝ ላይ ነው። ሦስተኛው እጥፍ 1,450 ሄርዝ ስለሆነ መለኪያውን እስከ 2,000 ሄርዝ፣ በ1,600 መስመር (ያን ስፋት የሚከፋፍልበት ብዛት) ክፈቱት። 483 ለብቻው ከፍ ማለቱ ጭነት መጨመሩን ይናገራል። የሚያስፈራው በግራና በቀኙ የሚቆሙት አጃቢ መስመሮች ናቸው። በ24 ሄርዝ ርቀት ከቆሙ ችግሩ ፒኞኑ ላይ ነው፤ በ8 ሄርዝ ርቀት ከሆነ ትልቁ ጊር ላይ። የሞተሩ ዙር እንደ ጭነቱ ከ1,450 ትንሽ ከፍና ዝቅ ስለሚል ፍጥነቱን በታኮሜትር ለክታችሁ ቁጥሮቹን በዚያ አስተካክሉ።

መ. ጥርሱን ማንበብ

ጉዳቱ ያለበት ቦታ ምክንያቱን ይናገራል። ከጫፍ ወደ ሥር የተዘረጉ ሻካራ ጭረቶች በጫፍና በሥር ላይ ሆነው የፒች መስመሩ ግን ንጹሕ ከሆነ፣ ያ ሙቀት ነው። ከፒች መስመሩ ዝቅ ብሎ የተበተኑ ጉድጓዶች፣ በተለይ በፒኞኑ ላይ፣ የተደጋጋሚ ጭነት ድካም ናቸው። በጥርሱ ሥር ክብ ላይ የጀመረ ስንጥቅ ያለበት ጥርስ በመታጠፍ እየደከመ ነው። ጉዳቱ በጥርሱ አንድ ጎን ብቻ ከተሰበሰበ ዘንጎቹ ትይዩ አይደሉም፤ ጭነቱን የተሸከመው ከ30 ሚሊሜትሩ ምናልባት 10 ሚሊሜትሩ ብቻ ነው፣ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈው ጭነት በ3 ይባዛል።

ቀለሙንም እዩ። በአየር ላይ የጋለ ብረት በ220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቀለም፣ በ260 ቡናማ፣ በ300 ሰማያዊ ይይዛል። ፊቱ ብቻ ጠንክሮ የተሠራ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ከጠነከረ በኋላ በ180 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ስለሚረጋጋ (ቴምፐር ስለሚደረግ) ሰማያዊ ካያችሁ ጥንካሬው ሄዷል፤ ወልውሎ መመለስ ትርፉ ድካም ነው። ቡናማ ልጣጭ ግን ሁሌ የብረት ቀለም አይደለም፣ የተቃጠለ ዘይትም ይሆናል። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ካስለቀቀው ዘይት ነው።

ሠ. ማስተካከል

የመጀመሪያው መድኃኒት የጫፍ ማቅለያ ነው። ጥርስ በጭነት ይታጠፋል፤ በምሳሌያችን 55 ኒውተን በሚሊሜትር ለ14 (አንድ ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ጥርስ በ1 ማይክሮን የሚያጥፈው ኒውተን) ሲካፈል ወደ 4 ማይክሮን። በዚህ ላይ የአከፋፈል ስህተቱ 8 ማይክሮን ቢሆን የሚቀጥለው ጥርስ 12 ማይክሮን ቀድሞ ይገናኛል ማለት ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ 12 ማይክሮን ያህል፣ ወደ ፒች መስመሩ እየሳሳ እንዲሄድ ይነሳ። ይህ ሥራ የጊር ግራይንደር ይጠይቃል፤ በእጅ ሞረድ አይሞከርም። ጥቅሙ እጥፍ ነው። ግጭቱ የሚበረታውና መንሸራተቱ የሚበዛው በአንድ ቦታ ስለሆነ፣ አንድ ማቅለያ ጭነቱንም ብልጭታውንም ይቀንሳል።

ክፍተት፣ ማለት በተነካከሱ ጥርሶች ጎን የሚቀረው ባዶ ቦታ። በዘንጎቹ 120 ሚሊሜትር ርቀትና በሞጁል 3 ቢያንስ 0.14 ሚሊሜትር ይኑር። አንዱን ጊር አግዳችሁ ሌላውን በዳያል ጌጅ እያወዛወዛችሁ ለኩ፣ በአራት ቦታ። ጊሮቹ ከሳጥኑ 30 ዲግሪ ቢበልጡ 0.03 ያህሉን ሙቀቱ ይበላዋል። በብርድ 0.05 ብቻ ትተው «ድምፅ እንዳይኖረው» የሚያጠብቁ አሉ፤ ሲሞቅ ዘይት የሚገባበት ቦታ ያጣና በሁለቱም ፊት መፋጨት ይጀምራል።

ዘይት። ትልቁ ጊር ብቻ፣ ከጥርሱ ቁመት (6.75 ሚሊሜትር) ከ1 እስከ 3 እጥፍ ይንከር፤ ማለትም ከ7 እስከ 20 ሚሊሜትር። ጥርሶቹ ሲፋጩ የሚያመነጩት ሙቀት 70 ዋት ያህል ብቻ ነው። ሳጥኑ እስከ ዘንጉ ከተሞላ ዘይቱን መናጡ ብቻ ከዚህ የበለጠ ሊያሞቀው ይችላል። «ለጥንቃቄ ጨምሬበታለሁ» የሚባለው ዘይት ራሱ ማሞቂያ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቁጥር 220 ዘይት በ40 ዲግሪ 220 የሆነው ውፍረቱ በ70 ወደ 51፣ በ100 ወደ 19 እንደሚወርድ አስታውሱ፤ ዘይት የሚመረጠው በሚሠራበት ሙቀት እንጂ በቆርቆሮው ቁጥር አይደለም። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆኑ ከተሞች አየሩ ስስ ስለሆነ ሳጥኑን የማቀዝቀዝ አቅሙ ዝቅ ይላል። እንደ መተሐራ ባለ ቆላ ደግሞ አየሩ ራሱ ትኩስ ነው። በካታሎግ ላይ ያለው የሙቀት አቅም ለዝቅተኛና ለቀዝቃዛ ቦታ የተጻፈ ከሆነ እንዳለ አትውሰዱት።

የጥርስ ቁጥር። 20 ለ60 ጥሩ ምርጫ አይደለም፤ እያንዳንዱ የፒኞን ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ የሚገናኘው ከ3 ጥርሶች ጋር ብቻ ነው። አንዱ ጉድለት ካለበት እነዚያኑ ደጋግሞ ይመታል። 21 ለ59 ብታደርጉት ድምሩ ያው 80 ስለሆነ ሳጥኑ አይነካም፣ እያንዳንዱ ጥርስ ግን ተራ በተራ ከሁሉም ጋር ይገናኛል። የመውጫው ፍጥነት በ7 በመቶ ስለሚጨምር ማሽኑ ይችለው እንደሆነ አረጋግጡ። በ40 ለ1 ዲቫይዲንግ ሄድ 59 ጥርስ የሚከፈለው 59 ቀዳዳ ባለው ሳህን ላይ 40 ቀዳዳ በመሄድ ነው፤ ሳህኑ መኖሩን ሳታዩ ሥራውን አትቀበሉ።

አዲስ ጊር ሲገባ በጥርሱ ላይ ሰማያዊ ማመሳከሪያ ቀለም ቀብታችሁ በእጅ አዙሩ፤ ንክኪው የስፋቱን 70 በመቶ ካልሸፈነ የኩሽኔታውን ቤት አስተካክሉ እንጂ «ሲሠራ ይለማመዳል» ብላችሁ አትዝጉ። ከዚያ በሩብ ጭነት፣ በግማሽ፣ በሦስት ሩብ፣ በእያንዳንዱ ላይ የዘይቱ ሙቀት መጨመር እስኪያቆም አሠሩትና ወደ ሙሉ ጭነት አሳድጉ። አዲስ የተቆረጠ ፊት ሻካራ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን የሰበቃ ቁጥሩ ከፍተኛው ነው። የመጀመሪያውን ዘይት በ500 ሰዓት ውስጥ ቀይሩ። ማፍሰሻው ማግኔት ላይ የተጣበቀውን በሁለት ጣት አሹት፤ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ዝቃጭ የመለማመድ ምልክት ነው። የሚያብለጨልጭና ጣት የሚወጋ ቅርፊት ከተገኘ ሳጥኑን ያኑ ዕለት ክፈቱ።